መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ግቢውን እዩት

ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ አንድ ተክል ሲጠወልግ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው መድኃኒት ፍለጋ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ተባዩ የለበትም። ጥፋቱ የውርጭ፣ የውሃ ወይም የቦታ ነው።

ማታ ለምለም የነበረው ቅጠል ጠዋት ጠቁሮ፣ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ይገኛል

ውርጭ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ንፋስ በሌለበት ሌሊት፣ መሬቱ ሙቀቱን ይለቃል። ቀዝቃዛው አየር ደግሞ ይከብዳል፤ ወደ ግቢው ዝቅተኛ ጥግ ወርዶ ይተኛል። በአንድ ግቢ የበር ዳሩ ተርፎ የጓሮው የሚያልቀው ለዚህ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በጆንያ ወይም ባረጀ ጨርቅ እስከ መሬት ሸፍኑት፣ ጠዋት ግለጡት። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ እንጨት አቁሙለት። ቀን ላይ አፈሩን አጠጡ፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። የጠቆረውን ቅርንጫፍ ወዲያው አትቁረጡ። ያስጠላል፣ አውቃለሁ፤ ግን ከሥሩ ያለውን እምቡጥ ይከልላል። ውርጩ ሲያበቃ ይገረዛል። ቡጋንቪላ የግድ ካላችሁ ፀሐይ ሲመታው የሚውል የድንጋይ ግንብ ሥር ትከሉ።

ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል

ዋልካ አፈር ነው፣ ጥቁሩ የሸክላ አፈር። ውሃ ቋጥሮ ሥሩን አየር ነስቶታል። መፈተን ቀላል ነው፦ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት። በማግስቱም ውሃው ካለ ነገሩ ታወቀ።

እዚህ ላይ ሁሉም የሚሠራት ስህተት አለች። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በጥሩ አፈር መሙላት። ዙሪያው ዋልካ ስለሆነ ጉድጓዱ የክረምቱን ውሃ ይሰበስባል፣ ችግኙ እዚያው ይበሰብሳል። ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ሂዱ። እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ በእነዋሪ ከተማ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ዋልካውን በእጃቸው እየዛቁ ሰፊ መደብ ያወጣሉ፣ ውሃው በመሃሉ ቦይ ይወርዳል። የአበባ ቦታም ያንኑ ይፈልጋል፦ ከፍ ያለ መደብ፣ በደንብ የተብላላ ፍግ፣ ወደ ውጭ የሚወጣ ቦይ። ሥራው ከሰኔ በፊት ይለቅ። የራሰ ዋልካ ሲቆፈር ጡብ ይሆናል።

በበጋ ያው አፈር ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። ገለባ አልብሱት።

ፖሙ ያብባል፣ አያፈራም

አብዛኛውን ጊዜ ብቸኛ ስለሆነ ነው። የሌላ ዝርያ ብናኝ ይፈልጋል፤ አና የሚባለው ዝርያ ካላችሁ አጠገቡ ዶርሴት ጎልደን የሚባለውን ትከሉ፣ አበባቸው ይገናኛል። ንብ ያስፈልጋልና በአበባ ወቅት ምንም አትርጩ።

ጽጌረዳው አመድ የተነፋበት ይመስላል

ይህ እንኳን እውነተኛ በሽታ ነው፣ ሻጋታ። የተጎዳውን ቆርጣችሁ አርቁ፣ መሃሉን አሳሱት፣ አየር ይግባ።

ከአጥሩ ሥር ምንም አይበቅልም

ባሕር ዛፉን ተመልከቱ። ውሃውን ይጠጣል፣ ቅጠሉም ሌላውን ያቀጭጫል። አበባውን አርቁ እንጂ ከእሱ ጋር አትታገሉ።

ከሸዋ ሮቢት የመጣው ማንጎ ቆሞ ቀረ

ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ ቆላ። ማንጎና ፓፓያ እዚያ ይኑሩ። ለደጋ ግቢ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ አሉላችሁ፤ ከሥራቸው ጤና አዳምና ጦስኝ። ችግኝ ስትገዙ ሻጩን የዋጋውን ያህል ስለ መጣበት ቦታ ጠይቁት።