ፓስወርድ ፈታሹ «ጠንካራ ነው» ሲላችሁ ቶሎ አትመኑት

ድሬዳዋ ውስጥ የትንንሽ መሥሪያ ቤቶችን ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ሲስተማቸውንም አያለሁ። ሰሞኑን ያው ስህተት ለስንተኛ ጊዜ ገጠመኝ፤ ዝም ማለት አቃተኝ።

ስህተቱ ፓስወርድ ፈታሹን፣ ማለትም ሰው አዲስ ፓስወርድ ሲመርጥ ጥንካሬውን የሚመዝነውን ፕሮግራም፣ ምልክት ቆጣሪ ማድረግ ነው። አንድ ትልቅ ፊደል፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ምልክት፣ አለቀ! አቦ፣ ሰው ምን እንደሚያደርግ እያወቅን? የሰፈሩን ስም «ከዚራ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፋል፣ የመጀመሪያዋን ትልቅ ያደርጋል፣ ጫፉ ላይ @2016 ይለጥፋል። ፈታሹም አረንጓዴ ያበራለታል። ሰርጎ ገቡ ግን ፊደል በፊደል አይሞክርም። የቃላት ዝርዝር ይዞ፣ በየቃሉ ጫፍ ዓመትና ምልክት እየቀጠለ ነው የሚመጣው። ጆን ዘ ሪፐር የሚባለው ፓስወርድ ሰባሪ ፕሮግራም ይህን ራሱ ይሠራዋል።

ስለዚህ ፈታሹን የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ስጡት። ከውጭ የመጣው ዝርዝር ብቻውን አይበቃም፤ ከዚራን ከየት ያውቃታል? እንደ ሳቢያን፣ መጋላ፣ ጀጎል ያሉ የአካባቢው ስሞች፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ የሠራተኞች ስም ይግባ። ለገሃሬን ሦስት ሰው በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፈው ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱንም አስገቡ።

ስልክ ቁጥርንም አታሳልፉ። 10 አሃዝ ስለሆነ ረጅም ይመስላል። 09 ከታወቀ ግን የሚቀረው 8 አሃዝ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አማራጭ ነው። ፓስወርዱ በፈጣን ሃሽ (ፓስወርዱን ወደማይነበብ ኮድ ቶሎ በሚቀይር ስሌት) ከተቀመጠ ያረጀ ላፕቶፕ እንኳ ሻይ ሳይቀዳ ይጨርሰዋል።

በየወሩ ማስቀየርን እኔም ሠርቼዋለሁ። መስከረም ላይ «መስከረም1»፣ ጥቅምት ላይ «ጥቅምት1» ሆነላችሁ። አንዷ የሒሳብ ሠራተኛማ «ጳጉሜንም ይቀየራል እንዴ?» አለችኝ። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ፓስወርዱ መውጣቱ ካልታወቀ በስተቀር በየጊዜው አታስቀይሩ ብሏል። የፊደልና ምልክት ቅልቅል ማስገደዱንም አልደገፈውም።

ፈታሹን ለመሞከርም ቢሆን፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የማንንም ፓስወርድ ክራክ ለማድረግ (ሰብሮ ለማግኘት) አትሞክሩ።

አንድ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ጆን ያገኘውን ፓስወርድ ሁሉ በግልጽ የሚጽፍበት ፋይል አለው። የአንድ መሥሪያ ቤት ፓስወርዶችን በጆን ሞክሬ ስጨርስ፣ ፋይሉን ሳላጠፋ፣ ኮምፒውተሩን ሳልቆልፍ ምሳ ወጣሁ። ስመለስ አንዱ ባልደረባ የሥራ አስኪያጁን ፓስወርድ ጮክ ብሎ እያነበበ ደረስኩ። የልጃቸው ስምና የትውልድ ዓመት ነበር። ፈታሹ አሳልፎታል።