የማይነር ሊግ ቤዝቦል ተጫዋችን የውድድር መዝገብ እንዴት እናንብብ?

በሐዋሳ ስለ ስፖርት የምትጽፉና በሬዲዮ የምታወሩ ወጣቶች የአንድን ተጫዋች ውጣ ውረድ በቁጥር ማንበብ ለመማር ከፈለጋችሁ፣ በማይነር ሊግ፣ ማለትም ከዋናው ሊግ በታች ባሉት የአሜሪካ ሊጎች፣ የተጫወተን የቤዝቦል ሰው መዝገብ የሚያህል ጥሩ መልመጃ አላውቅም። በተለይ ከሜዳው ጥግ ቆመው ርቀው የተመቱ ኳሶችን የሚይዙት የሦስቱ የውጭ ሜዳ ተጫዋቾች መዝገብ በጥንቃቄ ላነበበው ብዙ ይናገራል።

መዝገቡን ስትከፍቱ ውጤቱን ከማየታችሁ በፊት ተጫዋቹ የተሰለፈበትን ደረጃና በዚያ ዓመት የነበረውን ዕድሜ ፈልጉ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በሠላሳዎቹ የሜጀር ሊግ (የዋናው ሊግ) ክለቦች ሥር በድምሩ 120 ቡድኖች በአራት ደረጃዎች ይጫወታሉ፤ ከላይ ወደ ታች ትሪፕል ኤ፣ ደብል ኤ፣ ሃይ ኤ እና ሲንግል ኤ ይባላሉ። አንድ የ20 ዓመት ልጅ በደብል ኤ የሚያስመዘግበው መካከለኛ ውጤት፣ የ26 ዓመት ሰው በሲንግል ኤ ከሚያስመዘግበው አስደናቂ ውጤት የበለጠ ተስፋ ይሰጣል፤ ሁለተኛው የሚጋጠመው ገና ካልበሰሉ ታዳጊዎች ጋር ነውና።

ለመለማመጃ ሁላችንም የምናውቀውን ማይክል ጆርዳንን እንውሰድ። የቅርጫት ኳስን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1994 በደብል ኤ ለሚጫወተው በርሚንግሃም ባረንስ በ127 ጨዋታዎች ተሰልፏል። መዝገቡ 436 የመምታት ዕድልና 88 የተሳኩ ምቶችን ያሳያል፤ 88ን ለ436 ስታካፍሉ የምት አማካዩን 0.202 ታገኛላችሁ። በዚህ ቁጥር ብቻ የፈረደ ሰው «አልሆነለትም» ብሎ ያልፋል። መስመሩን እስከ መጨረሻው ያነበበ ግን 30 ቤዝ መስረቁን (ምት ሳይጠብቅ ወደ ቀጣዩ የሩጫ ማረፊያ ሮጦ መድረሱን)፣ በምቱ 51 ነጥብ ማስቆጠሩን፣ 114 ጊዜ በሦስት ስትራይክ (ኳሱን ሳይመታ በመሳቱ) መውጣቱንና ሆም ራኑ (አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን ከሜዳው አጥር በላይ የሚያሳልፈው ምት) 3 ብቻ መሆኑን ያያል። ዕድሜው ደግሞ 31 ነበር፤ ቤዝቦልን በወጉ ከተጫወተ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። እነዚህ ሲደመሩ እግሩ ለደረጃው እንደበቃ፣ የጎደለው ግን ሌሎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያካበቱት ኳስን በጊዜው የመምታት ልምድ እንደሆነ ያስረዳሉ። ይህን ፍርድ ከአንድ አማካይ ማግኘት አይቻልም።

ቀጥሎ አንድ ተጫዋች ከሦስቱ የውጭ ሜዳ ቦታዎች በየትኛው እንደቆመ ተመልከቱ። የመሀሉ ሰው ሰፊውን ሜዳ ስለሚሸፍን ፍጥነት ይፈለግበታል፤ የቀኙ ኳሱን እስከ ሦስተኛው ቤዝ መወርወር ስላለበት ክንዱ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ለግራው የመከላከል ሸክሙ ቀለል ስለሚል ክለቦች ከእሱ የሚጠብቁት ጠንካራ ምት ነው። ስለዚህ በመሀል ጀምሮ በዓመታት ውስጥ ወደ ግራ የተዛወረ ተጫዋች ምቱ አብሮ ካላደገ መንገዱ እየጠበበበት ነው ማለት ነው።

ባዶ ዓመት ስታዩ ለመፍረድ አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የማይነር ሊግ ውድድር በኮሮና ምክንያት ጭራሽ ስላልተካሄደ፣ የዚያ ዓመት ክፍተት የማንም ተጫዋች ድክመት አይደለም። ዓመተ ምሕረቱንም በራሳቸው አቆጣጠር ተዉት፤ ውድድራቸው በእኛ ሚያዝያ ገደማ ተጀምሮ መስከረምን ስለሚነካ፣ ወደ እኛ ሲገለበጥ አንዱ የውድድር ዘመን ለሁለት ይከፈላል።

የእኛ እግር ኳስ በተቃራኒው ነው። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳባቸው ውድድሮች በፈረንጆቹ ቢጻፉ ሁለት ሁለት ዓመት ይይዛሉ። በከፍተኛ ሊግ ወይም በአንደኛ ሊግ ለሚጫወት የሐዋሳ ልጅ መዝገብ ስትጀምሩ እንግዲህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉ። አንድ ስኩዌር ደብተር ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ የውድድር ዘመን አንድ መስመር ስጡና ዕድሜውን፣ ሊጉን፣ ክለቡን፣ የተሰለፈበትን ቦታ፣ በሜዳ የቆየበትን ደቂቃ፣ ያገባውንና ለጎል ያቀበለውን በየዓምዱ አስገቡ። የመስመር ተጫዋች ከሆነ በግራ ይሁን በቀኝ መሰለፉን አትዝለሉ፤ ወደ ኋላ ተስቦ ተከላካይ የሆነበትን ጨዋታም ለይታችሁ መዝግቡ፤ አለበለዚያ የጎሉ መቀነስ ያለ ጥፋቱ ያስወቅሰዋል። ባልተሰለፈበት ጊዜ ፊት ለፊት ጉዳት፣ ቅጣት፣ ዝውውር ወይም የክለብ መፍረስ መሆኑን ከራሱ ወይም ከአሠልጣኙ ጠይቃችሁ በአንድ ቃል ሙሉት።