የአንቶኒን የቀብር ንግግር መድረክ ላይ እንዴት ማቅረብ ይቻላል

የሼክስፒር "ጁሊየስ ቄሳር" ሦስተኛ ገቢር ላይ ማርክ አንቶኒ በቄሳር አስከሬን ፊት ቆሞ ለሮም ሕዝብ ይናገራል። ሲጀምር ሕዝቡ ከገዳዮቹ ጋር ነው። ሲጨርስ ያው ሕዝብ የገዳዮቹን ቤት ሊያቃጥል እየሮጠ ይወጣል። ይህን ንግግር ሁለት ጊዜ መድረክ ላይ አቅርቤዋለሁ። የመጀመሪያው አልሆነልኝም። ምኑ ላይ እንደሳትኩ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ወራት ፈጀብኝ። እናንተ ያን ያህል እንዳትደክሙ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

1. ከብሩተስ ጀምሩ

አብዛኛው ሰው በቀጥታ "ወዳጆቼ፣ ሮማውያን፣ ያገሬ ልጆች" ወደሚለው ይገባል። ቀድሞ የተናገረው ግን ብሩተስ ነው። ከገዳዮቹ አንዱ ነው፤ ቄሳር ግን የሚወደውና የሚያምነው ሰው ነበር። "ቄሳርን መውደዴ አንሶ አይደለም፤ ሮምን ስለምወድ በልጦብኝ ነው" ይላል። ንግግሩ ስድ ንባብ ነው፤ አጭር፣ የተመዘነ፣ ለአእምሮ የሚናገር። ሕዝቡ ወዲያው ይቀበለዋል። ከመሃል አንዱ "እሱ ቄሳር ይሁን!" ብሎ ይጮኻል። ቄሳር የተገደለው ሊነግሥ ነው ተብሎ መሆኑን አስቡ። የምትናገሩት ለእንዲህ ዓይነት ሕዝብ ነው።

አንቶኒ እንዲናገር የፈቀደውም ራሱ ብሩተስ ነው። ሌላው ገዳይ ካሲየስ አይሆንም ብሎ ተከራክሮ ነበር። ብሩተስ አራት ነገር ያስጠነቅቃል፦ እኛን አትውቀስ፣ ቄሳርን የፈለግከውን ያህል አመስግን፣ በእኛ ፈቃድ እንደምትናገር ግለጽ፣ ከእኔ በኋላ እኔ በቆምኩበት ቦታ ተናገር። እነዚህን በወረቀት ጽፋችሁ የምትለማመዱበት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ንግግሩን የሠራው ይህ ገደብ ነው።

2. አንዷን ሐረግ ምረጡና አትንኳት

በአማርኛ የምታቀርቡት ከሆነ ትልቁ ውሳኔ አንቶኒ ስለ ብሩተስ ደጋግሞ የሚላት ሐረግ (በእንግሊዝኛ "honourable man") ናት። "ክቡር" ሞክሬ ነበር፤ የማዕረግ መጥሪያ ሆነብኝ። "ጨዋ" ደግሞ ስለ ጠባዩ ብቻ የማወራ አስመሰለኝ። በመጨረሻ "ብሩተስ የተከበረ ሰው ነው" ላይ ረጋሁ። ሰው እንደሚያከብረውም፣ ክብር እንደሚገባውም ይናገራል።

አንቱታ ልጨምር የሚል ፈተና ይመጣባችኋል። "የተከበሩ ሰው ናቸው" ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ "ነው" ወደሚለው መውረድ በልምምድ ላይ በጣም ደስ ይላል። አታድርጉት። አንቱታውን እናንተ ከነጠቃችሁ ሕዝቡ የሚነጥቀው ምን ይቀረዋል? ቃሉ ያው ይሁን። የሚለወጠው የሰሚው ጆሮ ነው።

3. ሐረጓን አራት ጊዜ ማለት

የመጀመሪያውን ዝግጅት ያበላሸሁት እዚህ ጋ ነው። ገና ከመጀመሪያው በአሽሙር አልኳት። ድምፄን ጎተትኩ፣ ከንፈሬን አጣመምኩ። ተመልካቹ ወዲያው ነቃ። ሁለተኛው ላይ የሚመጣውን ያውቀዋል። አራተኛው ላይ ሰልችቶታል። ማንም አልተቆጣም፤ ቁጣውን እኔ ቀድሜ ጨርሼበት ነበር።

በታሪኩም አያስኬድም። አንቶኒ ሊናገር ሲወጣ ከሕዝቡ አንዱ "እዚህ ስለ ብሩተስ ክፉ ባያወራ ይሻለዋል" ይላል። በዚያች ደቂቃ ላይ ያሾፈ ሰው ከመድረኩ ተጎትቶ ይወርዳል። ይህን ንግግር ሰምና ወርቅ ነው የሚሉ አሉ። ልክ አይመስለኝም። በቅኔ ወርቁ ገና ሲዘረፍ ውስጡ አለ። እዚህ ግን ሐረጓ መጀመሪያ ስትባል ምንም የተቀበረ ነገር ሊኖርባት አይገባም። ወርቁን ቀስ በቀስ የሚያስገባው ሰሚው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዋን ከልብ በሉት። አንድ ሰው እንድትናገሩ ፈቅዶላችኋል፤ እያመሰገናችሁት ነው። ብሩተስ ወደወጣበት አቅጣጫ ዞር ብትሉም ያምራል።

ቀጥሎ አንቶኒ ቄሳር ወዳጄ ነበር፣ ለእኔ ታማኝና ፍትሐዊ ነበር ይላል። ብሩተስ ግን ሥልጣን ጥመኛ ነበር ይላል፤ ብሩተስም የተከበረ ሰው ነው። እዚህ ግራ ተጋቡ። ሁለት ነገር አልገጥም እንዳለው ሰው ሁኑ። መልሱን የምታውቁ አትምሰሉ።

ከዚያ ማስረጃ ያቀርባል። ቄሳር ምርኮኞችን ወደ ሮም አምጥቶ በቤዛቸው የሕዝቡን ካዝና ሞላ። ይህ ሥልጣን ጥመኛ ያሰኛል? ሦስተኛዋ ድሆች ሲያለቅሱ ቄሳርም አለቀሰ ከሚለው በኋላ ትመጣለች። ድምፅ ዝቅ፤ ሌላ ምንም።

አራተኛዋ የሉፐርካል በዓል ላይ ዘውዱን ሦስት ጊዜ አልቀበልም ማለቱ ከተነሳ በኋላ ናት። እዚህ ደራሲው ራሱ "በእርግጥም" የምትል ቃል ጨምሯል። ስንጥቋ እሷ ናት። ሌላ አትጨምሩ።

እንግዲህ ትዕግሥት። ሐረጓ ኋላም በብዙ ቁጥር እየተመላለሰች "የተከበሩ ሰዎች" ትሆናለች፤ በመጨረሻ ከሕዝቡ አንዱ "ከዳተኞች ናቸው! የተከበሩ ሰዎች ይላል እንዴ!" ብሎ ይፈነዳል። አንቶኒ እስከዚያች ሰዓት ድረስ "ከዳተኛ" የሚል ቃል ለሕዝቡ አልተናገረም። እሱ የሚለው እነሱ ካሉት በኋላ ነው። ለዚህ ነው ብቻችሁን አትለማመዱ የምለው። ያቺን ጩኸት የሚጮህ አንድ ሰው ያስፈልጋችኋል። ካጣችሁ የሌላ ሰው ድምፅ በስልክ ቅዱና ተጠቀሙ፤ የራሳችሁን ግን አይሁን።

4. ዝምታው

"ልቤ እዚያ ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ከቄሳር ጋር ነው፤ እስኪመለስልኝ ልታገስ" ይልና ያቆማል። እውነት አቁሙ። ሕዝቡ እርስ በርሱ የሚንሾካሾከውና የሚለወጠው በዚህ ክፍተት ነው።

5. ኑዛዜውና ካባው

አንቶኒ የቄሳርን ኑዛዜ አውጥቶ ያሳያል፤ አላነብም ይላል። ሕዝቡ አንብብ ብሎ ሲለምነው ከመድረኩ ወርዶ በአስከሬኑ ዙሪያ ያቆማቸዋል። እናንተም ውረዱ። ከፍ ባለ ቦታ ቆሞ መጨረስ ንግግሩን ይገድለዋል። ማይክሮፎንም አልወድም፤ እጃችሁ ባዶ መሆን አለበት።

ቄሳር ሲገደል ለብሶት የነበረውን ካባ ከወፍራም ጨርቅ አሠሩ። የጩቤ ቀዳዳዎቹን ቀድማችሁ ቅደዱ፤ አንዱ ከሌላው ይለይ። ጣታችሁ ሳታዩ እንዲያገኛቸው ነው። "ይቺ የካሲየስ፣ ይቺ የካስካ፣ ይቺ ደግሞ የሚወደው የብሩተስ" እያለ ያሳያል።

ይህን ስትጫወቱ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ቄሳር ሲወጋ አንቶኒ እዚያ አልነበረም፤ ከሤረኞቹ አንዱ ትሬቦኒየስ ቀድሞ ከቦታው አርቆታል። የትኛው ቀዳዳ የማን እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ካባውን ቄሳር መጀመሪያ የለበሰው ኔርቪ የተባለውን የጎል ነገድ ድል ባደረገበት ቀን ነው፣ አስታውሳለሁ ይላል። ያ ውጊያ የተደረገው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ57 ነው። በታሪክ አንቶኒ ያኔ ከቄሳር ጋር አልነበረም። ቢሆንም እንደ ውሸታም አትጫወቱት። ሐዘኑ እውነተኛ ነው። አስከሬኑን ብቻውን ባገኘው ጊዜ ማንም ሳይሰማው ይቅርታ ጠይቆታል። ሐዘኑን መሣሪያ ማድረጉ ሐዘኑን ሐሰት አያደርገውም። ለእኔ የዚህ ሚና ክብደት ይኸው ነው።

ከዚያ ሕዝቡ ሊያቃጥል ይሮጣል። ኑዛዜውን ረስቶታል! አንቶኒ መልሶ ጠርቶ ያስታውሳቸዋል፦ ለእያንዳንዱ ሮማዊ 75 ድራክማ፣ በቲቤር ወንዝ ዳር ያሉት አትክልት ቦታዎችም ለሕዝብ። ይህን በፍጥነት በሉት።

6. የታዋቂ ተዋንያንን ቅጂ አስቀድማችሁ አትዩ

ድምፃቸው ጆሮ ውስጥ ይቀራል። ቃሉን ከያዛችሁ በኋላ እዩ።

7. በጭብጨባ አትጨርሱ

ሕዝቡ ከወጣ በኋላ አንቶኒ ብቻውን ይቀራል። ክፋት ተነስቷል፣ ወደፈለገበት ይሂድ ይላል። ቀጥሎ ያ ሕዝብ ሲና የሚባል ገጣሚ ያገኛል። ከገዳዮቹ አንዱ ሲና ስለሚባል ብቻ፣ ገጣሚው ነኝ እያለ ይዘነጣጥሉታል። የሚቀጥለው ገቢር ሲከፈት ደግሞ አንቶኒ ያንኑ ኑዛዜ አስመጥቶ ለሕዝቡ ከተተወው ላይ እንዴት እንደሚቀነስ ይመክራል። ብሩተስ ወዳጁን ከዳ። አንቶኒ ደግሞ ያመኑትን።

ጊዜ ካላችሁ የሲናን ትዕይንት ጨምሩ፤ አጭር ናት። በሁለተኛው ዝግጅታችን ሕዝቡን የተጫወቱት ልጆች ራሳቸው ቀጠሉበት። ካባውን ከመሬት ሳናነሳው ተውነው። ሲናን ሊይዙ ሲሮጡ ረግጠውት አለፉ።