ለእግር ጉዞ፣ ለብስክሌትና ለሥራ የሚሆን አንድ ቦርሳ

እንጦጦ ላይ ከጫካው በብስክሌት ቁልቁል ስወርድ ቦርሳዬ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ሚዛን ያስተኝ ነበር። ለቢሮ ሌላ፣ ለእግር ጉዞ ሌላ መያዙም ሰልችቶኝ ነበር። አሁን አንድ ቦርሳ ለሁሉም ይበቃኛል።

መጠኑ 20 ሊትር አካባቢ ነው። የዝናብ ጃኬት፣ ምሳ፣ ፓምፕና ትርፍ የውስጥ ጎማ ይይዛል። 30 ሊትሩ ግን ቁመቱ ረዘም ስለሚል ቀና ስል ሄልሜቴን ከኋላ ይገፋዋል።

መወዛወዙን ያስቀረልኝ በዋናነት የወገብ ቀበቶው ነው። ዳሌ አጥንት ላይ አሳርፎ ማጥበቅ፣ ከዚያ የደረቱን መቆለፍ፣ በመጨረሻም የጎን ማጥበቂያዎቹን መሳብ። ቦርሳው ግማሹ ባዶ ቢሆንም ዕቃው ጀርባ ላይ ልጥፍ ይላል።

ጀርባው መረብ የሆነውን በጣም ወድጄው ነበር፤ አየር ያስገባል። ነገር ግን ሸክሙን ከጀርባ ያርቀዋል፣ ጎባጣ ስለሆነም ላፕቶፕ በደንብ አይቀመጥበትም። ስለዚህ መሃሉ ላይ የአየር መተላለፊያ ያለውን ስፖንጅ መረጥኩ። ያልባል፣ ግን አይነቃነቅም።

ሁለት ሊትር ውሃ ሁለት ኪሎ ነው፤ ስትጋልቡ ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ጀርባ አስጠጉት።

ሱቅ ስትሄዱ ዕቃችሁንና ሄልሜታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሞልታችሁ እዘሉት፣ እንደ ጋላቢ ጎንበስ ብላችሁ ቀና በሉ። ሻጩ ቅር ካለው ሌላ ሱቅ አለ። ለክረምት ደግሞ ቦርሳውን ከላይ የሚሸፍን የዝናብ ልብስ ያለውን ምረጡ፤ ዚፑ ውሃ ያስገባልና ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሉት።