ማንቁርታችሁን በጣታችሁ ፈልጉት
ደብረ ብርሃን ነርስ ነኝ። ድምፃቸው የደከመ የዜማ ተማሪዎች ሲመጡ ጉሮሮን የማስረዳቸው በገዛ ጣታቸው ነው። የእኛ አገር ጠዋት ጣት ያደነዝዛልና መጀመሪያ እጃችሁን አሙቁ።

አገጫችሁን ትንሽ ቀና አድርጉና አመልካች ጣታችሁን በአንገታችሁ መሃል ወደ ታች አንሸራትቱ። ጠንካራው ጉብታ ማንቁርት ነው። ምራቅ ስትውጡ ሽቅብ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የአየር ቧንቧው ይዘጋል። የአንገትን ሁለት ጎኖች ግን በአንድ ጊዜ አትጫኑ፤ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሥሮች እዚያ ናቸው።

ከጉብታው በታች ትንሽ ጎድጓዳ፣ ቀጥሎም ቀለበት የመሰለ ልስልስ አጥንት አለ። ጣታችሁን ጎድጓዳው ላይ በቀስታ አሳርፋችሁ ከወፍራም ወደ ቀጭን ድምፅ አዚሙ። ጎድጓዳው ሲጠብ ይሰማችኋል፤ ጉብታውንና ቀለበቱን የሚያቀራርበው ጡንቻ የድምፅ አውታሮችን እየወጠረ ነው።

የቀሩትን የማንቁርት ጡንቻዎች የሚያዝዘው ነርቭ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በግራ በኩል ደረት ድረስ ወርዶ፣ ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ሥር ዞሮ፣ ተመልሶ ወደ አንገት ይወጣል። ከእንቅርት ዕጢ ጀርባ ስለሚያልፍ የእንቅርት ቀዶ ሐኪም አጥብቆ ይጠነቀቅለታል።

ድምፃችሁ ከ3 ሳምንት በላይ ከጎረነነ በፌጦና በዝንጅብል ጊዜ አታጥፉ፤ ሐኪም ዘንድ ታዩ።