የሳይንስ ትምህርት ፖሊሲ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሆነ እንዴት ይጠናል?

የፖሊሲ ሰነድ መግቢያ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ «ተማሪው ይሞክራል፣ ይመራመራል» ይላል። ቃሉ ክፍል ውስጥ ምን ሆነ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ግን የክፍለ ጊዜ ድልድሉ፣ የፈተና ወረቀቱና የንብረት መዝገቡ ላይ ነው። እነዚህን ሳያገላብጡ የተጻፈ ታሪክ የምኞት ታሪክ ብቻ ይሆናል።

በመጀመሪያ ጥናቱን አጥብቡ፦ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ አንድ እርከን፣ ከ15 እስከ 20 ዓመት። ከዚያ ፖሊሲው የታወጀበትን፣ በጀት የተለቀቀበትን፣ መጽሐፉ ትምህርት ቤት የደረሰበትንና በአዲሱ መርሐ ትምህርት የመጀመሪያው ፈተና የተሰጠበትን ቀን በሰንጠረዥ አስቀምጡ። ብዙ ስሕተት የሚጋለጠው እዚህ ነው። የአሜሪካን የሳይንስ ትምህርት የቀየረው የሶቪየት ኅብረት ሳተላይት ስፑትኒክ ነው ሲባል እንሰማለን። ሳተላይቱ የተመነጠቀው ጥቅምት 4 ቀን 1957 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አዲሱን የፊዚክስ ትምህርት ያዘጋጀው ኮሚቴ ግን በአሜሪካው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኤም.አይ.ቲ. ሥራ የጀመረው ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1956 ነው። ስፑትኒክ ሐሳቡን አልወለደም፤ ገንዘቡን ግን አፋጠነ። በ1958 የወጣው የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ ለሳይንስ መሣሪያ መግዣ ገንዘብ መደበ። ሐሳብና ገንዘብ የመጡበትን ቀን ለየብቻ ካልመዘገባችሁ ምክንያቱና ውጤቱ ይምታታባችኋል።

የክፍለ ጊዜ ቁጥርን ብቻውን አትመኑ። በሳምንት 4 የነበረው 5 ሆነ ቢባል ዕድገት ይመስላል። የአንዱ ርዝመት ከ40 ደቂቃ ወደ 30 ወርዶ ከሆነ ግን 160 ደቂቃ የነበረው 150 ሆኗል፤ ሙከራ አዘጋጅቶ፣ ሠርቶ፣ ዕቃ አጥቦ ለመመለስ ደግሞ 30 ደቂቃ አይበቃም። ስለዚህ ሁልጊዜ በደቂቃ አስሉ፤ ተከታታይ ድርብ ክፍለ ጊዜ መኖሩንም አረጋግጡ።

ፈተናው ላይ ረጅም ጊዜ ስጡ። ለውጡ ከመምጣቱ በፊት የተሰጡ 3 ፈተናዎችን፣ ከለውጡ በኋላ የተሰጡ 3 ደግሞ ውሰዱ። ጥያቄዎቹን ማስታወስ፣ ማስላት፣ ዕውቀትን በአዲስ ሁኔታ መጠቀም፣ የሙከራ ውጤት ማንበብ ብላችሁ መድቡ። የምትቆጥሩት የጥያቄውን ብዛት ሳይሆን የያዘውን ነጥብ ነው፤ አንድ የሙከራ ጥያቄ ከአሥር የምርጫ ጥያቄ ሊበልጥ ይችላል። 30 ጥያቄዎችን ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ይመድቡና ያስተያዩ፤ ብዙ ቦታ ከተለያዩ መመደቢያው ግልጽ አይደለምና አስተካክሉት። ፈተና መምህሩን ከየትኛውም መመሪያ በላይ ይገዛዋል። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ለመግቢያ ፈተናው 40 የፊዚክስ ሙከራዎችን ዘርዝሮ ማውጣቱ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ወደ ቤተ ሙከራ የገፋው በዚህ ኃይል ነው።

የንብረት መዝገቡ ላይ ከቋሚው ይልቅ አላቂው ዕቃ ብዙ ይናገራል። ማይክሮስኮፕ አንዴ ተገዝቶ ካርቶኑ ውስጥ ሊቀር ይችላል። አሲድ፣ ስላይድና የሙከራ ቱቦ በየዓመቱ ወጪ ሆነው ከተተኩ ግን ሥራ ላይ ውለዋል ማለት ነው። የወጪ ፊርማውንና ወሩን እዩ፤ ሁሉም በዓመቱ መጨረሻ ባንድ ቀን የወጣ ከሆነ በጀት ለመጨረስ የተደረገ ሊሆን ስለሚችል ጠርጥሩ።

መምህራንን የምታነጋግሩት ሰነዱን ካያችሁ በኋላ ነው። የዘመኑን መጽሐፍ ይዛችሁ ሂዱና «ከነዚህ ሙከራዎች የትኞቹን ሠራችሁ? በስንት ተማሪ?» ብላችሁ ገጹን እያሳያችሁ ጠይቁ። «ፖሊሲው ጥሩ ነበር?» ብሎ መጠየቅ የሚያመጣው አስተያየት እንጂ ማስረጃ አይደለም። ዓመተ ምሕረት ላይ ትዝታ ስለሚሳሳት ከሰነዱ ጋር አመሳክሩ።

የቴክኖሎጂ ትምህርት ላይ ደግሞ የስም ለውጥ ያሳስታል። እንግሊዝ ውስጥ በ2014 እ.ኤ.አ. የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ቦታውን ለኮምፒዩቲንግ ለቀቀ፤ ትኩረቱም ሶፍትዌር ከመጠቀም ወደ ፕሮግራም መጻፍ አመዘነ። የሁለቱን ተፈታኞች ቁጥር በአንድ የግራፍ መስመር አያይዞ «ቀነሰ» ወይም «ጨመረ» ማለት አይቻልም። ስሙ በተቀየረበት ዓመት ላይ መስመሩን ቁረጡ፤ በሁለቱም ጎን የይዘቱን ዝርዝር አስቀምጡና የሚመሳሰለውን ክፍል ብቻ አነጻጽሩ።