ለትልቅ ኩባንያ የምህንድስናና የፕሮዳክት ቃለ መጠይቅ ሲዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ብርሃን ከተማ ለሶፍትዌር ሥራ የሚያመለክቱ ወጣቶችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተገናኘሁ ማለማመድ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ በ1999 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ሲሆኑ፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከደብረ ሲና የሚመጡም አሉ። ዕውቀት ያነሳቸው ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹን የሚጥላቸው ዝግጅታቸውን በብርዱ ጋቢ ተከናንበው፣ ከላፕቶፕ ጋር ብቻ ተፋጠው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ማካሄዳቸው ነው፤ ቃለ መጠይቁ የሚለካው ግን ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ የማሰብን ችሎታ ነው። ከዚህ በታች ከማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ገና ከጠያቂው ጋር ሳይገናኙ በሲቪ ላይ የሚፈጸም ነው። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የተመረቀ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲቪው ላይ «2012» ብሎ ከጻፈ፣ ውጭ አገር ተቀምጦ የሚያነበው ሰው በእውነት ከተመረቀበት ስምንት ዓመት ቀድሞ እንደ ተመረቀ ይቆጥረዋል፤ ቀጥሎም በእነዚያ ስምንት ዓመታት ምን ሲሠራ ነበር ብሎ ይጠረጥራል። ትክክለኛው 2020 ነው። ሰዓትም እንዲሁ ነው። በለንደን ከሰዓት በኋላ በእነሱ አጠራር 4 ሰዓት (4 PM) ላይ የተቀጠረ ቃለ መጠይቅ በክረምታቸው ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን፣ እነሱ ሰዓታቸውን በማርች መጨረሻ ወደፊት ሲያዞሩ ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። ቀጠሮው ሲደርስዎ በኢትዮጵያ ሰዓት ስንት እንደሚሆን አስልተው በወረቀት ይጻፉ፤ ከዚያም ለላኪው በእነሱ አቆጣጠር መልሰው በመጻፍ ያረጋግጡ።

ቀጣዩ ስህተት ጥያቄና መልስን እንደ ዳዊት መድገም ነው። በድረ ገጾች ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኮድ ጥያቄዎች ስላሉ፣ ሦስት መቶውን የሸመደደ ሰው የተዘጋጀ ይመስለዋል። አንድ ጎበዝ ልጅ በፊደል ተራ ከተደረደረ የ1 ሚሊዮን ስም ዝርዝር ውስጥ አንድ ስም በባይነሪ ሰርች (ዝርዝሩን ከመሐል እየከፈሉ በመፈለግ) ፈልግ ስለው ኮዱን በሁለት ደቂቃ ጻፈልኝ። ስንት ጊዜ እንደሚያነጻጽር ስጠይቀው ግን ዝም አለ። ዝርዝሩ በእያንዳንዱ እርምጃ ለሁለት ስለሚከፈል ከ20 ጊዜ በላይ ማነጻጸር አያስፈልግም፤ ይህን ለማወቅ 2ን በራሱ ሃያ ጊዜ አባዝቶ ከ1 ሚሊዮን ትንሽ እንደሚበልጥ ማየት ይበቃል። ጠያቂው የሚፈልገው ይህንን «ለምን» ነው፤ ጥያቄውን ትንሽ ለወጥ አድርጎ ዝርዝሩ ባይደረደርስ ቢል የሸመደደው ሰው የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል። ሠላሳ ጥያቄ በደንብ ገብቶት፣ እያንዳንዱን ለጓደኛው ማስረዳት የሚችል ሰው ሦስት መቶ ከሸመደደው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሳይጠይቁ ወደ ኮድ መግባት የሚያስከትለውን ጉዳት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ለልምምድ የምወደው ጥያቄ ቀላል ነው፦ የስም ዝርዝር እሰጣለሁ፣ የተደጋገሙትን ለይታችሁ አውጡ እላለሁ። ብዙዎቹ ወዲያው መጻፍ ይጀምራሉ። አንዳንዱ እያንዳንዱን ስም ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ያነጻጽራል፤ ስሞቹ 10,000 ቢሆኑ ይህ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ንጽጽር ነው። የተሻለው ልጅ ያያቸውን ስሞች በሀሽ ቴብል (የተመዘገበን ነገር ወዲያው ፈልጎ ለማግኘት በሚያስችል መዝገብ) እየመዘገበ በአንድ ዙር ይጨርሳል። ይህም ሆኖ ዝርዝሩ ውስጥ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» እንዳሉ ልብ የሚል የለም። ሦስቱ አንድ ስም ናቸው ወይስ ሦስት? ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዲት የሸዋ ሮቢት ልጅ ብቻ እጇን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አንሥታ፣ «ጋሼ፣ እነዚህን እንደ አንድ እንቁጠራቸው ወይስ እንደ ተለያዩ?» ብላ ጠየቀችኝ። ኮዷ ከሌሎቹ የረቀቀ አልነበረም፤ እኔ ቀጣሪ ብሆን ግን የምመርጠው እሷን ነበር፤ ምክንያቱም ጥያቄው ያልተሟላ መሆኑን ያየች እሷ ብቻ ናት። የትልልቅ ኩባንያ ጠያቂዎች ጥያቄያቸውን ብዙ ጊዜ ሆን ብለው ክፍተት ይተዉበታል፦ የዝርዝሩ ብዛት ስንት ነው፣ ባዶ ሊሆን ይችላል ወይ፣ የኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ይበቃል ወይ የሚሉትን ዕጩው እንዲጠይቅ ይጠብቃሉ።

ዝምታ ከሁሉ የከበደ ስህተት ነው፤ ከአስተዳደጋችን ጋር የተያያዘ ስለሆነም ቀስ ብሎ ማስረዳት ይገባል። እኛ ቤት ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አይለፈልፍም፤ ተጠይቆ እስኪመልስ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ማሰቡ ጨዋነት ነው። በቃለ መጠይቅ ላይ ያ ጨዋነት እንደ አለማወቅ ይታያል። ለአንድ የኮድ ዙር የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው፤ ዕጩው 10 ደቂቃ ዝም ካለ ጠያቂው በማስታወሻው ላይ የሚጽፈው ነገር የለውም። የሚያስቡትን ድምፅ አውጥተው ይናገሩ፦ «በመጀመሪያ ቀላሉን መንገድ ልይ፤ ይህ ለ100 ስም ይበቃል፣ ለሚሊዮን ግን ይዘገያል፤ ስለዚህ ያየሁትን ስም የማስታውስበት ቦታ ያስፈልገኛል።» እንዲህ ሲሉ ጠያቂው የተሳሳተ መንገድ እንደ ያዙ ካየ ፍንጭ ይሰጣል። ፍንጩን መቀበል ደግሞ ውርደት አይደለም፤ ከሥራ ባልደረባ ጋር እንዴት እንደሚሠሩ የሚታየው በዚያ ነው። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ልምምዱም በእንግሊዝኛ፣ ከሌላ ሰው ጋር፣ ሰዓት ተይዞ መደረግ አለበት። ሰው ከጠፋ ድምፅን በስልክ ቀርጾ መልሶ ማዳመጥ ይጠቅማል፤ ማዳመጡ መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፣ በሦስተኛው ቀን ግን የት ላይ እንደሚደናቀፉ በግልጽ ይሰማዎታል።

«እኔ» ለማለት ማፈር የዝምታ ወንድም ነው። በዚህ ራሴ ወድቄበታለሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ ትልቅ ድርጅት ስለ አንድ ከባድ ችግር አፈታት ተጠይቄ፣ ሌሊት የተቋረጠ የክፍያ አገልግሎት እንዴት እንደ ተመለሰ ተረኩ። «መረመርን፣ አገኘነው፣ አስተካከልነው» አልኩ። ጠያቂው «የአንተ ድርሻ ምን ነበር?» ሲል ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ሁላችንም ሠርተናል» አልኩት። የተሳሳተውን መስመር ያገኘሁት እኔ ነበርኩ፤ ይህን መናገር ግን ራስን ማመስገን መሰለኝ። አልተቀጠርኩም። አሁን ልጆቹን የማለማምደው ታሪኩን በአራት ከፍለው እንዲናገሩ ነው፦ ሁኔታው ምን ነበር፣ ከእኔ ምን ይጠበቅ ነበር፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ ምን ውጤት ተገኘ። ከአራቱ ረጅሙ ሦስተኛው መሆን አለበት። የጓደኞችን ድርሻ በስም ለይቶ ማመስገን ይቻላል፤ የራስን ደብቆ ማለፍ ግን ለጠያቂው የሚፈርድበትን ነገር መንሳት ነው።

ለፕሮዳክት ማናጀር ሥራ፣ ማለትም ምን ለማን እንደሚሠራ ለሚወስን ሰው ሥራ፣ የሚያመለክቱ ሰዎች የተለየ ስህተት ይሠራሉ፤ ጥያቄውን እንደ ሰሙ አፕሊኬሽን መሥራት ይጀምራሉ። በመሐል ሜዳ ገበያ በግ ለሚሸጡ የመንዝ አርሶ አደሮች የዋጋ መረጃ የሚያደርስ አገልግሎት ንደፉ ብዬ ስጠይቅ፣ ካርታ፣ ፎቶ መጫኛና የቀጥታ ውይይት ያለበት ነገር ይደረደርልኛል። ተጠቃሚው ማን ነው? ስልኩ ምን ዓይነት ነው? በጉን የሚሸጠው ለምን በዚያ ቀን ነው፤ ለማዳበሪያ ዕዳ ነው ወይስ ለበዓል ገበያ? ብዙዎቹ የያዙት ተራ ስልክ ከሆነ አገልግሎቱ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይሆናል፤ በላቲን ፊደል 160 ምልክት የሚይዘው አንድ መልእክት በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ይህ አንድ ቁጥር ንድፉን በሙሉ ይለውጠዋል፦ በ70 ምልክት የትኛው ገበያ፣ የትኛው የበግ ዕድሜ፣ የትኛው ዋጋ ይቀድማል? ማንበብ ለማይችለውስ በድምፅ ይድረስ? ቀጥሎ የሚመጣው የመለኪያ ጥያቄ ነው። «የተመዘገቡ ሰዎች ብዛት» የሚለው መልስ ደካማ ነው፤ መልእክቱን ካገኙ በኋላ የሚሸጡበትን ቀን ወይም ገበያ የለወጡ ሰዎች ስንት ናቸው የሚለው ግን አገልግሎቱ መጥቀም አለመጥቀሙን ያሳያል።

በሲስተም ዲዛይን ዙር፣ ማለትም ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን አገልግሎት በሙሉ ንደፍ በሚባልበት ዙር፣ የሚታየው ስህተት የቴክኖሎጂ ስም መደርደር ነው። ከስሙ በፊት ቁጥሩ ይቅደም። 1 ሚሊዮን ሰዎች በቀን አምስት አምስት ጊዜ ቢጠቀሙ 5 ሚሊዮን ጥያቄ ነው፤ አንድ ቀን 86,400 ሴኮንድ ስላለው በአማካይ በሴኮንድ 58 ያህል ይሆናል፤ በገበያ ቀን ጠዋት ብዙ እጥፍ ሊያድግ ይችላል ብሎ መገመት ነው። አገልግሎቱ 99.9 በመቶ ጊዜ መሥራት አለበት ከተባለም በወር ከ43 ደቂቃ ያህል በላይ መቋረጥ የለበትም ማለት ነው። እነዚህን ያሰላ ሰው ስንት ሰርቨር (አገልግሎቱን የሚያስኬድ ኮምፒውተር) እንደሚያስፈልግ በምክንያት ይናገራል።

መብራትና ኔትወርክም ይታሰብበት፦ ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው፣ የስልክ ዳታ በመጠባበቂያነት ይገዛ፣ መስመር ቢቋረጥ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር አስቀድሞ ለጠያቂው ይላክ።

የመጨረሻው ስህተት ካልተሳካ ቃለ መጠይቅ በኋላ የሚፈጸም ነው። ብዙ ኩባንያዎች ያልተቀበሉትን ሰው ከወራት በኋላ እንደገና እንዲያመለክት ይፈቅዱለታል፤ ልጆቹ ግን በዚያ ምሽት ተከፍተው ይተኛሉ፣ ጥያቄዎቹም በሳምንቱ ይጠፏቸዋል። የተጠየቁትን፣ የመለሱትንና ጠያቂው ፊቱን የለወጠበትን ቦታ በዚያው ምሽት በደብተር ይጻፉ። በእኔ ደብተር የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የአንተ ድርሻ ምን ነበር?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ሥሩ ላይ ያሉትን ሰባት መስመሮች የጻፍኳቸው ከአውቶቡስ ወርጄ ቤቴ እንደ ገባሁ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ በሌላ ኩባንያ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብልኝ የመለስኩት እነዚያኑ ሰባት መስመሮች ነው።